ከተማዋ የደረሰችባቸው ሜዳዎች

በነሐሴ 1921 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈ። አብራሪው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ከሰባት ዓመት በፊት ዓደን ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲበሩ ካዩ ወዲህ ነገሩ ከልባቸው አልወጣም ነበር። ገፈርሳ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወጣ ያለ፣ ሜዳነቱ ብቻ የታየለት ቦታ ነው። ብዙ ሳይቆይ የጀርመኑ ዩንከርስም ተከተለ። የዚያ ዘመን የማረፊያ ዕቅድ ድንጋይ ከመልቀም፣ ከብት ከማራቅና የነፋሱን አቅጣጫ ከማየት አያልፍም። እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ማንንም አላሳሰበም፤ የሚያመልጥ በረራ ስለሌለ የሚቸኩልም የለም።

በ1923 ዓ.ም. መግቢያ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። በዚያው ሰሞን፣ የንጉሥ ተፈሪ የዘውድ በዓል ሲቃረብ፣ ከኒው ዮርኩ ሐርለም የመጣው አብራሪ ሂዩበርት ጁሊያን የንጉሡን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሰው። እሱ በሕይወት ተረፈ፤ ካገር እንዲወጣ ግን ታዘዘ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአቃቂ ሜዳ የአየር ኃይሉ ማረፊያ ሆነ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው እስኪደበድቡት ድረስ።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር ተዋውሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድን አቋቋመ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ ሲ-47ዎች ነበሩ። ውስጣቸው እንደ ዛሬው በረድፍ የተደረደረ መቀመጫ አልነበረውም። በግራና በቀኝ ግድግዳ የሚታጠፍ አግዳሚ ተዘርግቶ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል፤ ጭነቱ መሐል ላይ በገመድ ታስሮ ይሄዳል። የአየር መንገዱ ቤት ልደታ ነበር። ልደታ ለተሳፋሪ ቅርብ ማረፊያ ነበር፤ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ እዚያ መድረስ የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ይህን ያህል ቅርብ ማረፊያ ከዚያ በኋላ አላገኘችም።

ነገሩ የተወሳሰበው ጄት ሲታዘዝ ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሊያስገባ ሲነሣ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለክንፉም ለሞተሩም የሚደርሰው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ወይ ረዥም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ወይ ነዳጁንና ጭነቱን ይቀንሳል። ዛሬም ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ መሐል ላይ አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የሚጠብቀው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን።

ቦሌ የተመረጠው እንግዲህ በአውሮፕላኑ ልክ ነው። ያኔ ከከተማው ውጭ የነበረ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። አዲሱ ማኮብኮቢያና መቆጣጠሪያ ማማ በ1955 ዓ.ም. ታኅሣሥ ግድም ሥራ ጀመሩ። ጥር 7 ቀን የመጀመሪያው የጄት በረራ ወደ ናይሮቢ ሄደ፤ በማግስቱ በአስመራና በአቴንስ አድርጎ ማድሪድ ገባ። ማረፊያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተባለ። ልደታ ለጦር ሠራዊቱ ቀረ፤ ሰፈሩ ኦልድ ኤርፖርት እንደተባለ አለ።

ከአራት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1955፣ የአፍሪካ መሪዎች ለአንድነት ድርጅቱ ምሥረታ ሲመጡ የተቀበላቸው ቦሌ ነው። ከዚያ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው ሰፊ መንገድም የአፍሪካ ጎዳና ተባለ። በዚያን ጊዜ ማረፊያና መንገድ አብረው ታስበው አብረው ተሠሩ። የተረሳው ግን የመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። ጥሩ መንገድ ያለበት ቦታ ቤት ይሠራል፤ ቤት የተሠራበት ቦታ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ይከተላል። ማረፊያውን ከከተማ ያራቀው ዕቅድ ከተማውን ወደ ማረፊያው የሚጠራውን መንገድ ራሱ ሠራ።

በደርግ ዘመን ቦሌ ስሙን ለወጠ እንጂ ብዙ አልሰፋም። አየር መንገዱ ግን አልተኛም። በግንቦት 1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ መንገድ ላይ ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር። ወራት ሳይቆይ በአገሩ ለደረሰው ረሃብ ዕርዳታ መጣ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባን ሰፈራቸው አድርገው እህል አመላለሱ፤ የሶቪየት አንቶኖቮችም በዚያው ሜዳ ነበሩ። በቀዝቃዛው ጦርነት ውስጥ የሁለቱን ወገን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ባንድ ሥራ አሰልፎ ያሳየ ማረፊያ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን ሊይዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከቦሌ ተነሥተው እስራኤል ገቡ። ወንበራቸው የተነቀለ አውሮፕላኖች ነበሩ። አንዱ የኤል አል 747 ብቻውን ከ1,000 ሰው በላይ ይዞ ሄደ። በዚህ ታሪክ ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን አውቶቡሶቹ ናቸው። ሕዝቡ ከእስራኤል ኤምባሲ ግቢ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ እየተለጠፈበት፣ አሮጊት ልጅ አዝላ፣ ሽማግሌው ተደግፎ፣ ባውቶቡስ እየተጫነ ቦሌ ይደርሳል። አንዱ አውሮፕላን ሞልቶ ሲነሣ ለሚቀጥለው የሚሆነው ሰው ደርሶ መጠበቅ አለበት። መንገዱ ቢዘጋ ወይም ማረፊያው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቢሆን ኖሮ ያ ሥራ በ36 ሰዓት አያልቅም ነበር።

ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ቦሌ መስፋት ያዘ። ከቀድሞው ጎን ሌላ ማኮብኮቢያ ተዘረጋ፤ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች የሚያስተናግድ መንገድና ማቆሚያ ተሠራ፤ ጥር 13 ቀን 1995 ዓ.ም. አዲሱ የዓለም አቀፍ ተርሚናል ተመረቀ። ያኔ «ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ያሉ ነበሩ። ቀለበት መንገዱም በዚያው ዘመን ተሠርቶ በማረፊያው ደጃፍ አለፈ። ነገር ግን ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች በጣም ይቀራረባሉ። ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን በየራሳቸው ጊዜ እንዲያርፉ ማኮብኮቢያዎች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መራራቅ አለባቸው። ቦሌ ላይ ያን ያህል ቦታ የለም፤ ሩዋንዳ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ቡልቡላ፣ ገርጂ የተባሉት ሰፈሮች ዙሪያውን ከበውታል። በ1955 ሜዳ የነበረው በአርባ ዓመት ውስጥ መሐል ከተማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የግንባታ ዘመን ነው፤ አለመገጣጠሙም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለአገልግሎት ተከፈተ። መስከረም 9 ቀን 2008 ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። መስከረም 25 ቀን 2009 የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። ሦስቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ቦሌ ተርሚናል ደጃፍ አይደርሱም። የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች የከተማዋን አራት ማዕዘን ሲያገናኙ፣ አፍሪካ የምትገባበትን በር አልፈውት ሄዱ። የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከለገሃር ወጥቶ ለቡ ዳር ላይ ሆነ፤ ተሳፋሪው ባቡሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ታክሲ ሲፈልግ ይደክማል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው ሁልጊዜ ሻንጣ የያዘው ሰው ነው። በየዓመቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፤ በረራ ያለው ሰው ሌሊቱን ይነሣል።

ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የተርሚናሉ ማስፋፊያ ተመረቀ። የቻይናው ኤግዚም ባንክ ባበደረው ገንዘብ የቻይና ኮንትራክተር የሠራው ይህ ማስፋፊያ የቦሌን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ አደረሰው። ሪባኑ በተቆረጠ ባንድ ዓመት ውስጥ፣ በጥር 2012፣ የወቅቱ ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም ይህም ማረፊያ በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ እንደሚሞላ ገለጹ። አዲስ ማረፊያ ቢሾፍቱ አካባቢ እንደሚሠራ፣ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት እንደሚይዝ፣ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ተናገሩ። ብዙ ሰው አልገባውም፤ ትናንት የተመረቀ ቤት ዛሬ እንዴት ይጠባል? ግን ቁጥሩ እውነት ነበር፤ ኮቪድ መጥቶ ሁሉን ባያቆመው ኖሮ ጥበቱ ቶሎ ይታይ ነበር። በሽታው ሲያልፍ ዕድገቱ ተመለሰ። በ2017 የበጀት ዓመት አየር መንገዱ ከ19 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አጓጓዘ።

ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በአቶ መስፍን ጣሰው የሚመራው አየር መንገድ ዳር አል-ሐንዳሳ ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር የዲዛይን ውል ተፈራረመ፤ ቦታውም ቢሾፍቱ አጠገብ ያለችው አቡሴራ መሆኗ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ የአፍሪካ ልማት ባንክ ብድሩን የማስተባበር ኃላፊነት ወሰደ፤ ከራሱም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተስማማ። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመሠረት ድንጋዩን አኖሩ። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የተርሚናሉን ንድፍ የሠራው የዛሃ ሐዲድ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ማኮብኮቢያዎችና 60 ሚሊዮን መንገደኛ፣ ሁሉም ሲያልቅ አራት ማኮብኮቢያዎችና 110 ሚሊዮን መንገደኛ። አቡሴራ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ማኮብኮቢያውም ይረዝማል። አንባቢ እንዲይዝልኝ ያልኩት ነገር እዚህ መጣ። ነዳጁን ሳይቀንስ የሚነሣ አውሮፕላን ሩቅ መድረስ ይችላል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። አቡሴራ ያለችበት የአድአ ሜዳ ማኛ ጤፍ፣ ምስርና ሽምብራ የሚወጣበት አገር ነው፤ ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዘርም የወጣው ከዚሁ አካባቢ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ነው። ከ2,000 በላይ የገበሬ ቤተሰቦች ከቦታው እንዲነሡ ሆነ። አየር መንገዱ ለዚሁ በጀት ይዞ ሌላ ቦታ ላይ ቤት አሠራ። ቤት መሥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን የጤፍ ገበሬ ከመሬቱ ሲነሣ ሥራውንም ነው የሚያጣው፤ ልጁ በማረፊያው ውስጥ ሥራ ካላገኘ፣ እሱም ካሳውን በሥራ ላይ የሚያውልበትን መንገድ ካላወቀ ግንቡ ብቻውን አያኖረውም። ልደታ ላይም ቦሌ ላይም የነበሩት ባለመሬቶች ምን እንደሆኑ የመዘገበ አላጋጠመኝም፤ የአቡሴራዎቹ ቢያንስ መመዝገብ አለባቸው።

የመሬት ሥራው ብቻ 610 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለታል። ቁጥሩ የበዛ ለሚመስለው፣ የአድአ ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። መረሬ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን አውሮፕላን ሊያሳርፍ የፈለገ አፈሩን ቆርጦ ማውጣትና በሌላ መተካት አለበት።

እና መንገዱ? አየር መንገዱ ከቦሌ ወደ አዲሱ ማረፊያ የሚሄድ 38 ኪሎ ሜትር ያህል የፈጣን ባቡር መስመርና አውራ ጎዳና እንደታቀደ ገልጿል። ብዙዎች ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር ያዩታል፤ ከመንገደኛው 80 በመቶው ትራንዚት ስለሆነ ከማረፊያው አይወጣም ይላሉ። ልክ ነው፣ ግን ቀሪው 20 በመቶ ከ60 ሚሊዮን 12 ሚሊዮን ነው፤ በቀን ከ32,000 ሰው በላይ ማለት ነው። በዚህ ላይ በየፈረቃው የሚገቡትን የበረራ አስተናጋጆች፣ ቴክኒሻኖች፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ጨምሩ፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሚኖሩት ቦሌና አካባቢው ነው። ከዚያ ደግሞ ማንም መሐንዲስ በሰንጠረዡ የማያስገባው ሰው አለ፤ ሸኚው። አንዲት ልጅ ወደ ቤይሩት ወይም ጅዳ ስትሄድ እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቱና የእድር ሰው ሳይቀር ነጠላውን አጣፍቶ ቦሌ መኪና ማቆሚያ ድረስ ይሸኛታል፤ ውስጥ ስለማይገባ እዚያው አጥሩ ሥር ያለቅሳል። ከውጭ ሰው ሲመጣም እንዲሁ አበባ ይዞ ይቆማል። ይህ ሕዝብ 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ መሸኘቱን አይተውም፤ ሚኒባስ ተኮናትሮ ይሄዳል፤ የፍጥነት መንገዱን የሚያጨናንቀውም እሱ ይሆናል።

ካናዳውያን ይህን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሞንትሪያል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሚራቤል የተባለ ግዙፍ ማረፊያ ከፈቱ፤ ለዚያም ከሺህ የሚበልጡ የገበሬ ቤተሰቦችን አስነሡ። የታቀደው ፈጣን ባቡር አልተሠራም፤ አውራ ጎዳናው መሐል ላይ ቀረ፤ የአገር ውስጥ በረራዎች ግን በአሮጌው ማረፊያ ቀጠሉ። ከውጭ መጥቶ ሌላ የካናዳ ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ባውቶቡስ ይጓዛል። ሰው ሸሸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻው የመንገደኞች በረራ ተነሣ፤ ተርሚናሉም በኋላ ፈረሰ። ከተወሰደው መሬት ብዙው ለገበሬዎቹ ተመለሰ።

የቢሾፍቱ ነገር ከሚራቤል ይለያል፤ መንገደኛው አለ፣ ማረፊያውም የአየር መንገዱ የራሱ ነው። አደጋው ያለው መሸጋገሪያው ላይ ነው። የአገር ውስጥ በረራ ቦሌ ከቀረ፣ ከጂማ ወይም ከመቀሌ መጥቶ ዱባይ የሚሄድ ሰው ከቦሌ ወደ አቡሴራ መሻገር አለበት፤ ያ ሰው ሰዓቱን የሚያምነው በባቡር እንጂ በሚኒባስ አይደለም። የማረፊያው የመጀመሪያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያልቅ ታቅዷል። ባቡር መስመር ደግሞ በዓመት በሁለት ዓመት አይሠራም፤ ከቦሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወጣው መሬትም በየወሩ ቤት እየተሠራበት ስለሆነ ዛሬ ያልተከለለ መስመር ነገ በካሳ ብዛት ይወደዳል። ስለዚህ የባቡሩ መሬት አሁኑኑ ይከለል፤ ውሉም ከተርሚናሉ ውል እኩል ይፈረም። ባቡሩ ሳይደርስ የማረፊያው ምርቃት ቢቃረብ፣ የምርቃቱ ቀን ሊራዘም ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነኝ።